ነገርን ከሥሩ፦ ሞተር እሳት ሲያጣ

በቤት ውስጥ አንድ ዕቃ ሲበላሽ ብዙ ጊዜ አስቀድመን የምንፈልገው የብልሽቱን ምክንያት ሳይሆን በዳዩን ነው። ማሰሮ ሲሰበር ሠራተኛይቱ፣ ገንዘብ ሲጎድል ልጁ፣ መኪና አልነሣ ሲል ደግሞ መጨረሻ የነካው ሰው ይጠየቃል። አባቶቻችን ግን «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ብለው አስተምረውናል። ይህ ምሳሌ ለቤንዚን ሞተር እንኳ ምን ያህል እውነት እንደ ሆነ የተማርሁት ከገዛ ጥፋቴ ስለ ሆነ፣ ለሌላው ቤተ ሰብ ይጠቅም ዘንድ ሳልሸሽግ እጽፈዋለሁ።

የልጅ ልጄ ሰማንያ ቀኗ በሚሞላበት የሐምሌ ቀን፣ ሌሊት በዐሥር ሰዓት ቤተ ሰቡ ነጠላውን ለብሶ ተነሣ። ዝናቡ ያካፋ ነበር። ለብዙ ዓመት ያገለገለችኝን አሮጌ ቮልስ ለማስነሣት ቁልፉን ባዞር፣ ሞተሪኖው እንደ ወትሮው ይዞራል፤ ሞተሩ ግን አይነሣም። ደጋግሜ ሞከርሁ፤ የቤንዚኑን መርገጫ በቍጣ ረገጥሁ፤ ከዚህም ያተረፍሁት ባትሪውን ማድከም ብቻ ነበር።

በቤታችን የሚያድግ ዕድሜው ዐሥራ አምስት የሆነ የዘመዳችን ልጅ አለ። እርሱም ማታውን፣ ለክርስትናው ክብር ብሎ፣ ማንም ሳያዝዘው መኪናዋን አጥቧት ነበር። ወደ እርሱ ዘወር ብዬ «ምኗን ነካክተህ ነው?» አልሁት። «አባባ፣ ከውጭ ብቻ ነው ያጠብኋት፤ የሞተሩን ክዳን አልከፈትሁም» አለኝ። አላመንሁትም። ነጠላውን ለብሶ ለመሄድ ቆሞ ሳለ «አንተ እዚሁ ቅርና ቤት ጠብቅ» ብዬ አስቀረሁት፤ እኛም በታክሲ ሄድን። ሕፃኒቱ ተጠመቀች፤ ቆረበችም። እኔ ግን በቅዳሴው መካከል ምእመናን ሰላምታ በሚለዋወጡበት ሰዓት የልጁ ፊት በዐይኔ ላይ እየተመላለሰ አስጨነቀኝ።

ከሰዓት በኋላ፣ ዕድሜያቸውን በጋራዥ ሥራ ያሳለፉ አንድ ጎረቤታችን እንኳን ደስ ያላችሁ ሊሉን መጡ። የሆነውን ስነግራቸው ልጁን አስጠሩና «ወዳጄ፣ መጀመሪያ መኪናዋን እንጠይቃት፤ ከዚያ በኋላ እንፈርዳለን» አሉኝ። የጠየቁበትም ሥርዐት እንደሚከተለው ነው።

የቤንዚን ሞተር ይነሣ ዘንድ ከአየር ጋር የተቀላቀለ ቤንዚን፣ በሲሊንደሩ ውስጥ በቂ እመቃ፣ በትክክለኛውም ሰዓት የሚመጣ የእሳት ብልጭታ ያስፈልገዋል። የናፍታ ሞተር ግን ነዳጁን የሚያቀጣጥለው በታመቀው አየር ሙቀት ስለ ሆነ ካንዴላ የለውም፤ ስለዚህ ይህ ምክር እርሱን አይመለከትም።

በአሮጌ መኪና ውስጥ እሳቱ የሚመጣበት መንገድ ይህ ነው። ከባትሪው የሚነሣው 12 ቮልት በቁልፉ በኩል አልፎ ቦቢና ወደሚባለው ዕቃ ይደርሳል። በዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ ያሉት ፑንቲናዎች ተገናኝተው ሳሉ ኤሌክትሪኩ በቦቢናው ውስጥ ያልፋል፤ ሲለያዩ ድንገት ይቋረጣል፤ በዚያም ቅጽበት ቦቢናው ከ10,000 ቮልት በላይ የሆነ ኀይል ያመነጫል። አጠገባቸው ያለው ኮንደንሰር ፑንቲናዎቹን ከመቃጠል ይጠብቃቸዋል። ኀይሉም በዲስትሪቢዩተሩ ክዳን በኩል ለካንዴላዎቹ በየተራ ይታደላል።

አዛውንቱ አስቀድመው ማርሹን ባዶ አደረጉ፤ የእጅ ፍሬኑንም ሳቡ፤ የደከመውንም ባትሪ ከራሳቸው መኪና በገመድ ረዱት። ከዚያም አንዱን ካንዴላ ፈትተው ተመለከቱ። በቤንዚን ረጥቦ ነበር። «ቤንዚን ደርሷል፤ ያልደረሰው እሳት ነው» አሉና መልሰው አሰሩት። የቤንዚን ትነት ባለበት ብልጭታ ማስነሣት ቃጠሎ ስለሚያመጣ፣ ትነቱ እስኪጠፋ ድረስ ታገሡ።

ቀጥሎም ሌላ ደረቅ ካንዴላ በሽቦው ጫፍ ሰኩ፤ እጀታው በጎማ በተለበጠ ፒንሳ ይዘው የካንዴላውን ብረት ከሞተሩ ባዶ ብረት ጋር አገናኙት፤ እኔም ቁልፉን አዞርሁ። ጤነኛ እሳት ሰማያዊ ሆኖ ጠጠር ባለ ድምፅ ይዘልላል፤ ደካማው ግን ቢጫ ወይም ቀላ ያለ ነው። እኛ ዘንድ ከሁለቱ አንዱም አልታየም። አራቱንም ሽቦዎች በተራ ቢሞክሩ ያው ሆነ። «አንዱ ብቻ ቢከለከል ኖሮ ጥፋቱ የእርሱ ነው እንል ነበር፤ አራቱም ከተከለከሉ ግን ጥፋቱ ከእነርሱ በፊት ባለው የጋራ መንገድ ላይ ነው» አሉ።

ከቦቢናው ወደ ዲስትሪቢዩተሩ ክዳን የሚገባውን የመካከለኛውን ሽቦ ነቅለው ጫፉን ከብረት 6 ሚሊ ሜትር ያህል አራቁት። እዚያ እሳት ቢገኝ ኖሮ ጥፋቱ በክዳኑ ወይም በውስጡ በሚዞረው ሮተር ላይ በሆነ ነበር፤ በክረምት በክዳኑ ውስጥ የሚቋጠር እርጥበት ይህን ያመጣልና። ነገር ግን እዚያም እሳት አልነበረም። ሽቦውንም ወደ ቦታው መለሱ።

ከዚህ በኋላ ባለ ሽቦ የመፈተኛ አምፖል አወጡ። አንዱን ጫፍ ከመኪናው ብረት፣ ሁለተኛውን ከቁልፉ ኤሌክትሪክ ከሚቀበለው የቦቢናው ጫፍ ጋር ቢያገናኙት አምፖሉ በራ። ስለዚህ ባትሪውና ቁልፉ ነጻ ወጡ። ወደ ዲስትሪቢዩተሩ በሚሄደው ጫፍ ላይ ግን፣ ሞተሩ ሲዞር ብልጭ ድርግም ማለት የሚገባው አምፖል ከቶ አልበራም። ይህም ሲሆን ከሦስት አንዱ ነው፤ ወይ ፑንቲናዎቹ አይለያዩም፣ ወይ ኮንደንሰሩ ውስጡ ተገናኝቷል፣ ወይ የቦቢናው የውስጥ ሽቦ ተቈርጧል። ቁልፉን ዘግተው ክዳኑን ሲከፍቱ ምክንያቱ በዐይን ታየ። ፑንቲናዎቹን ገፍታ የምትለያያቸው፣ በሚዞረው ዘንግ ላይ የምትፋተገው ትንሽ ክፍል ተበልታ አልቃለች፤ ፑንቲናዎቹም ተጣብቀው ቀርተዋል።

«ይህ የአንድ ማታ ሥራ አይደለም» አሉኝ። «ቅባት አጥታ በወራት ያለቀች ናት። ከመቼ ወዲህ አላሳየሃትም?» መልስ አጣሁ። መኪናዋ ለሳምንታት ጠዋት ጠዋት ስታስቸግረኝ ነበርና፤ ነገ አሳያታለሁ እያልሁ ያሳለፍሁት እኔ ነኝ። አዛውንቱ ፑንቲናዎቹን አጽድተው በስስ ብረት መለኪያ ለቮልስ የተወሰነውን 0.4 ሚሊ ሜትር ክፍተት ሰጧቸው። ቁልፉን ባዞር ወዲያው ተነሣች። አዲስ ፑንቲና መግዛትና የእሳቱን ሰዓት ማስተካከል ለማግሥቱ ቀረ።

ያን ጊዜ ቤተ ሰቡ በተሰበሰበበት ልጁን ጠርቼ «ልጄ፣ ሳልመረምር ፈረድሁብህ፤ ይቅር በለኝ» አልሁት። ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ ሲል አንሥቼ አቀፍሁት። በሚቀጥለው እሑድ ሕፃኒቱን አቅፎ ወደ ቤተ ክርስቲያን የገባው እርሱ ነበር። ያለፈውን የክርስትና ዕለት ግን ልመልስለት አልቻልሁም።

አንባቢ ሆይ፣ ጥቂት ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ከቦቢና የሚወጣው ኀይል ሰውን ይመታል፤ በተለይም የልብ ምት መቆጣጠሪያ መሣሪያ በሰውነቱ የተተከለለት ሰው ከዚህ ሥራ ፈጽሞ ይራቅ። ቁልፉን ከፍቶ ሞተሩን ሳያስነሡ ለረጅም ጊዜ መተውም ቦቢናውን ያግለዋል። የዛሬዎቹ መኪኖች ደግሞ ፑንቲና የላቸውም፤ እሳታቸውን የሚያዝዘው ኮምፒዩተር ነው፤ ብዙዎቹም ለየካንዴላው የተለየ ቦቢና አላቸው። በእነዚህ ላይ ሽቦ እየነቀሉ መሞከር ኮምፒዩተሩን ሊያበላሽ ይችላል። ስለዚህ ፊውዙንና በዳሽቦርዱ ላይ የሚበራውን ምልክት ተመልክቶ፣ የቀረውን የመመርመሪያ መሣሪያ ላለው ባለሙያ መተው ይገባል።

ሥርዐቱ ግን ለአሮጌውም ለአዲሱም አንድ ነው፤ ደኅና የሆነውን እያረጋገጡ መሄድ፣ ያልተመረመረውንም ጥፋተኛ አለማለት። አንድ ካንዴላ ያለ ጥፋቱ ተፈትቶ ቢጣል የሚጎዳው ኪስ ነው፤ አንድ ልጅ ያለ ጥፋቱ ቢወቀስ ግን የሚጎዳው ልብ ነው። ማስተዋሉን ለሁላችንም ያድለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።