ትንሽ ታገሡን፣ ፕሮጀክተሩ እምቢ ብሎ ነው



በውጭ አገር በምንኖር ኢትዮጵያውያን ስብሰባ ላይ «ሰዓት ስላላከበርን ይቅርታ» ከሚለው ቀጥሎ አዘውትሮ የሚሰማው ዐረፍተ ነገር የትኛው እንደሆነ ታውቃላችሁ? «ትንሽ ታገሡን፣ ፕሮጀክተሩ እምቢ ብሎ ነው» የሚለው ነው። እንዲያው እንደ በቅሎ! መሣሪያው ግን ነፍስ የለውም፤ እምቢም እሺም አያውቅም። እምቢ የሚለው አብዛኛውን ጊዜ እኛ ቀድመን ያላሰብንበት ነገር ነው፤ ብርሃኑ፣ ርቀቱ፣ ገመዱ፣ ፊደሉ።

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ሲኒማ አዲስ አበባ ሲገባ ሕዝቡ ማሳያ ቤቱን «ሰይጣን ቤት» ብሎ ነበር የሰየመው። አያቶቻችን ግድግዳ ላይ የሚራመድ ሰው አይተው ቢደነግጡ አይፈረድባቸውም። እኛ ግን ካሜራና ቴሌቪዥን በኪሳችን ይዘን እየዞርን፣ ፕሮጀክተር ሲቆም ዙሪያውን ከበን ማማተባችን ትንሽ ያሳፍራል።

«ይኼ ደግሞ ምን የሚያስጽፍ ነገር አለው?» የሚል አይጠፋም። አለው።

በምኖርበት ከተማ የሚገኝ አንድ እድር ከሁለት ዓመት በፊት ዓመታዊ ስብሰባውን ጠራ። ገንዘብ ያዥዋ እናት ሦስት ሌሊት ቁጭ ብለው የዓመቱን ገቢና ወጪ በሠንጠረዥ አዘጋጅተዋል። ከዚያ በፊት ሂሳቡ የሚነበበው አንድ ሰው እጅ ላይ ካለች ወረቀት ነበር። አሁን ግን «ሁሉም በዓይኑ ይይ» ተባለ። ሐሳቡ መልካም ነበር። ፕሮጀክተሩ ግን ከአንድ አባል ጋራዥ የመጣ ነው፤ ማንም ቀድሞ አልሞከረውም። የገመዱ አፍ ከላፕቶፑ ጋር አልገጥም አለ። መለወጫ ፍለጋ ሰው ተላከ። መለወጫው ሲመጣ ደግሞ የአዳራሹ መስኮት መጋረጃ የለውም፤ የከሰዓት በኋላ ፀሐይ ግድግዳው ላይ ወድቃ ቁጥሮቹ ውሃ የነካው ቀለም መሰሉ። ሃምሳ ደቂቃ አለፈ። ግማሹ ሰው «የማታ ሥራ አለብኝ» እያለ ወጣ።

በሳምንቱ ከተማው ውስጥ የተወራው «ሂሳቡን እንዳናይ ሆን ብለው አበላሹት» የሚል ነበር። ቆይቶ መዝገቡ ተመረመረና አንዲት ሳንቲም አለመጉደሏ ታወቀ። እኒያ እናት ግን ወሬው ስላቆሰላቸው ኃላፊነቱን ለቀው ነበር፤ እስከ ዛሬም አልተመለሱም። እንግዲህ ነገሩ የመሣሪያ ጉዳይ ብቻ አይደለም። መተማመን እንደ ጤፍ በተወደደበት የስደት ኑሯችን፣ ሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ የሚያየው ሂሳብ ትልቅ መድኃኒት ነው። ግድግዳ ላይ ተለጥፎ የማይነበብ ሂሳብ ግን ጭራሽ ካልቀረበው ይብሳል።

ጋዜጠኛ በነበርኩባቸው ዓመታት የተማርኩት አንድ ነገር ቢኖር፣ ስሕተት የሚታረመው ጋዜጣው ማተሚያ ቤት ሳይገባ መሆኑን ነው። ለትምህርት ወጥቼ በዩኒቨርሲቲ ያየኋቸው ጥሩ ጥሩ መምህራንም ተማሪው ሳይገባ 20 ደቂቃ ቀድመው ገብተው ምስላቸውን ግድግዳ ላይ ያዩ ነበር። እስቲ እኛም ከብርሃኑ እንጀምር።

የፕሮጀክተር ብርሃን የሚለካው በሉመን ነው። ፕሮጀክተር ጥቁር ቀለም መርጨት አይችልም፤ ግድግዳው ላይ ጥቁር ሆኖ የሚታየን ብርሃን ያልደረሰበት ቦታ ነው። የአዳራሹ መብራት ወይም የመስኮቱ ፀሐይ እዚያ ካረፈ ጥቁሩ ይገረጣል፣ ፊደሉም አብሮ ይጠፋል። በደንብ ለጨለመ ክፍል 1500 ሉመን ሊበቃ ይችላል፤ ሰው ማስታወሻ እንዲይዝ መብራት በርቶ ለሚሰበሰብበት አዳራሽ ግን ከ3000 በታች ባይታሰብ ይሻላል። ምስሉን ማስፋትም በነፃ አይደለም። በ2 ሜትር ስፋት የሚያሳይ ፕሮጀክተር ወደ 4 ሜትር ሲሰፋ ያው ብርሃን አራት እጥፍ ቦታ ላይ ይረጫል፣ ድምቀቱም ወደ ሩብ ይወርዳል። ወጥ ለማብዛት ውሃ እንደመጨመር ነው። ስለዚህ መጀመሪያ በሸራው አቅጣጫ ያሉትን መብራቶች ብቻ አጥፉ፣ መስኮቱን ሸፍኑ፣ ከዚያ ምስሉን እንደ አቅሙ አስፉ።

ልትገዙ ያሰባችሁ ደግሞ ተጠንቀቁ። አንድ ወዳጄ በኢንተርኔት ያስመጣው ትንሽ ፕሮጀክተር ሳጥኑ ላይ «9000 ሉመን» ይላል፤ ሳሎኑ ውስጥ አምፖል ሲበራ ግን ምስሉ ይሟሟል። ሻጩ እንደ ልቡ የጻፈውን ቁጥር ትታችሁ «አንሲ ሉመን» ወይም «አይኤስኦ 21118» በሚባለው ደንብ የተለካውን ጠይቁ። እንዲሁም «1080 ይቀበላል» እና «1080 ያሳያል» አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው የጠራውን ምስል ተቀብሎ አሳንሶ ሊያሳይ ይችላል። የራሱ የተፈጥሮ ጥራት 1920 በ1080 ነጥብ መሆኑን አረጋግጡ።

ቀጥሎ ርቀቱ ነው። እያንዳንዱ ፕሮጀክተር ከሌንሱ እስከ ሸራው ያለው ርቀት ለምስሉ ስፋት ሲካፈል የሚገኝ ቁጥር አለው፤ መመሪያው ላይ ተጽፏል። ቁጥሩ 1.5 ከሆነ 3 ሜትር ስፋት ያለው ምስል ለማግኘት 4 ሜትር ተኩል መራቅ ግድ ነው። ቁጥሩ 0.5 የሆነው «አጭር ርቀት» የሚባለው ዓይነት ግን ያንኑ ምስል ከ1 ሜትር ተኩል ላይ ያወጣል፤ ለጠባብ ክፍል ይኼኛው ይመቻል፣ ተናጋሪውም ጥላውን አያጠላበትም። ይህን ሳያውቁ ጠረጴዛ ሲገፉና ሲጎትቱ መዋል ትርፉ ላብ ነው።

አንዳንዱ ደግሞ ምስሉ ከፍ እንዲል ብሎ ከፕሮጀክተሩ ፊት ሥር የመዝሙር መጽሐፍ ይጠቀጥቃል። ምስሉ ከላይ ሰፍቶ ከታች ይጠባል። «ኪስቶን» የሚባለው ማስተካከያ ቅርጹን ያቀናዋል፤ የሚያቀናው ግን ከምስሉ ነጥቦች እየቀነሰ ስለሆነ ጥቃቅን ፊደል ይደበዝዛል። የሚሻለው ፕሮጀክተሩን በጠንካራ ጠረጴዛ ላይ ደልዳላ አድርጎ በሸራው መካከል ትይዩ ማስቀመጥ ነው። የጠረጴዛ ፕሮጀክተሮች አብዛኞቹ በተፈጥሯቸው ከሌንሱ ከፍታ ወደ ላይ ነው የሚረጩት። የምስሉም ግርጌ ከወለሉ 1 ሜትር ከ20 ያህል ከፍ ይበል፤ አለዚያ ከኋላ የተቀመጠው ሰው የሚያነበው የፊተኛውን ጐፈሬ ይሆናል።

ገመዱ ዋናው ባለጋራ ነው። ቪጂኤ የሚባለው ባለ 15 እግር መሰኪያ እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ የነበረ ሲሆን ምስል እንጂ ድምፅ አያስተላልፍም። ኤችዲኤምአይ ሁለቱንም ይዞ ይሄዳል። አዳዲሶቹ ላፕቶፖች ያላቸው ትንሿ ዩኤስቢ ሲ ብቻ ትሆናለች፤ እሷም ቢሆን ሁሌ ምስል አታወጣም። ስለዚህ መለወጫዎቹን በአንድ ቦርሳ ሰብስባችሁ የማኅበሩ ንብረት አድርጉ። ተራው የኤችዲኤምአይ ገመድ ከ10 ሜትር በላይ ሲረዝም ምስሉ ብልጭ ድርግም ሊል ስለሚችል ላፕቶፑን አቅርቡ።

ምስል ካልመጣም አትደንግጡ። በመጀመሪያ ፕሮጀክተሩ ላይ «ሶርስ» የሚለውን ተጭናችሁ የገመዱን በር ምረጡ። ከዚያ በዊንዶውስ ላፕቶፕ ላይ የመስኮት ምልክት ያለበትን ቁልፍና «ፒ»ን አንድ ላይ ተጫኑና «ዱፕሊኬት» የሚለውን ምረጡ፤ በሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ምስል ይመጣል። የስልክና የኮምፒዩተር መልእክት ማሳወቂያዎችን አጥፉ። «ያንን ብር መቼ ነው የምትመልሰው?» የሚል መልእክት ሰብሳቢው በሚናገርበት ሰዓት ግድግዳ ላይ በ3 ሜትር ስፋት ሲወጣ አይቼ አውቃለሁ።

የኛን ፊደል በተመለከተ ልዩ ማሳሰቢያ አለኝ። የኢትዮጵያ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ብዙ ማኅበራት ግን እስከ ዛሬ በፓወር ግዕዝና በቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈ የቆየ ሰነድ አላቸው። ያ ሰነድ ፊደሉ በሌለበት ላፕቶፕ ሲከፈት የፈረንጅ ፊደልና ምልክት የተዘበራረቀበት ገጽ ይሆናል። መፍትሔው ሰነዱ በተጻፈበት ኮምፒዩተር ላይ ፊደሎቹ አብረውት እንዲቀመጡ በፒዲኤፍ ማስቀመጥ ነው። ፊደሉም ይተልቅ። በሩቅ ሲታይ «በላ» እና «በሉ» የሚለያዩት በአንዲት ቅጥያ ነው፤ በገንዘብ ሪፖርት ላይ ግን የልዩነቱን ስፋት እናንተው ታውቁታላችሁ! አንድ ገጽ ላይ አርባ መስመር ከመደርደር አራት ገጽ ማድረግ ይሻላል። ፈተናው ደግሞ ቀላል ነው፤ ከሁሉም በዕድሜ የገፉትን አባት የመጨረሻው ወንበር ላይ አስቀምጣችሁ «ያነቡታል?» ብላችሁ ጠይቋቸው።

ፎቶግራፍ ለምታሳዩም አንድ ነገር ልበል። አገር ቤት ወላጅ ሲያርፍና መድረስ ሳንችል ስንቀር፣ እዚሁ ተሰባስበን ፎቷቸውን ግድግዳ ላይ አድርገን እናለቅሳለን። የድሮ ፎቶ ቅርጹ ከዛሬው ረዘም ያለ ሸራ ጋር አይገጥምም፤ ሸራውን ለመሙላት ሲለጠጥ ሟቿ በሕይወት ዘመናቸው የማያውቁትን ውፍረት ይዘው ይቀርባሉ። ግራና ቀኙ ጥቁር ሆኖ ቢቀር ምን አለበት? ፊታቸው ፊታቸውን ይምሰል።

የፊልም ምሽት ለምታዘጋጁ ደግሞ፦ ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣውን «ሳንኮፋ» አከፋፋዮች ፊት ሲነሱት ሲኒማ ቤት እየተከራየ ነበር ለሕዝብ ያሳየው። ዛሬ ፊልም በአውራ ጣት በምታክል ፍላሽ ይመጣል፣ ፕሮጀክተሩም በአንድ እጅ ይያዛል። ቢሆንም ለቤት በተከፈለ የኢንተርኔት ደንበኝነት አዳራሽ ሙሉ ሰው ጋብዞ ማሳየት ፈቃድ ይጠይቃል። ከዚህም ሌላ እነዚህ አገልግሎቶች የቅጂ መከላከያ ስላላቸው በአንዳንድ አሮጌ ገመድና መለወጫ ሲያልፉ ድምፁ እየተሰማ ምስሉ ጥቁር ይሆናል። ከባለቤቱ ፈቃድና ቅጂ መጠየቅ ለሁለቱም ችግር መልስ ነው። የፕሮጀክተር ሆድ ውስጥ ያለችው ድምፅ ማጉያ ለአዳራሽ አትበቃምና ሌላ አዘጋጁ።

ሲያበቃ ሶኬቱን መንጭቆ መንቀል ይቅር። ባለ አምፖሉ ፕሮጀክተር በጣም ይሞቃል፤ በሪሞት አጥፍታችሁ ማራገቢያው እስኪቆም ጠብቁ። አምፖሉ በአብዛኛው ከ2000 እስከ 5000 ሰዓት ያገለግላል፣ ውስጡ ሜርኩሪ ስላለበት ከተራ ቆሻሻ ጋር አይጣልም። ባለ ሌዘሩ እስከ 20,000 ሰዓት ይሄዳል፣ ዋጋውም በዚያው ልክ ነው። የአየር ማስገቢያውን ከአቧራ አጽዱ። የቡናው ሥነ ሥርዓትም ከጎኑ ባይሆን ይመረጣል፤ ዕጣን ለኛ በረከት ነው፣ ለሌንስና ለማጣሪያ ግን ጥላሸት ነው። ሕፃናትም ወደ ሌንሱ አፍጥጠው እንዳያዩ ጠብቋቸው።

የመጨረሻው ምክሬ ስለ ሰው ነው። በየማኅበራችን «ኮምፒዩተር የሚያውቀው ልጅ» የሚባል አንድ ወጣት አለ። እሱ የመጣ ቀን ስብሰባው ይሳካል፤ ፈተና የያዘው ቀን ሁላችንም ጨለማ ውስጥ እንቀመጣለን። ሁለት ሰው ይሠልጥን፤ አንዷ ከእናቶች ወገን ብትሆን ደስ ይለኛል፣ ሰዓት በማክበር እነሱን የሚያህል የለምና። ከላይ የዘረዘርኩትን በአንዲት ወረቀት ጽፈው በቦርሳው ውስጥ ያኑሩ። ከስብሰባው አንድ ሰዓት ቀድመው ይድረሱ። የሂሳቡም ሠላሳ ቅጂ ታትሞ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ። መብራት ቢጠፋ እንኳ ወረቀት ይነበባል፤ ማንም ሰው «ደበቁን» ብሎ ወደ ቤቱ አይሄድም።

ሳምንት በቸር ያገናኘን።