ጆሮ ለቤቱ ባዳ እንዳይሆን

በአገራችን ክረምት ዝናብና ጭቃ ነው፤ በጅቡቲ ግን የሙቀት ወራት ነው። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲያልፍና ካምሲን የሚሉት ደረቅ ነፋስ ሲነሣ፣ አቅሙ ያለው ወደ ድሬዳዋና ወደ ሐረር ይወጣል፤ የቀረነው ደግሞ ከረፋድ እስከ አሥር ሰዓት ከቤት አንወጣም። መስኮቱ ይዘጋል፣ ኤርኮንዲሽነሩ ወይም ቬንቲላተሩ ይከፈታል፣ ቤተሰቡ ሁሉ በአንድ ክፍል ይሰበሰባል። ይህ መጽሔት በእጃችሁ ሲገባ ልጆቻችሁም ለረጅሙ ዕረፍት ወደዚያው ክፍል ይገባሉ። በዚያ ክፍል ውስጥ ከዓመት ዓመት እየበረከተ የመጣ አንድ ዕቃ አለ፤ ሙዚቃና ቴሌቪዥን ለብቻ የሚሰማበት ገመድ አልባ ማዳመጫ። ዘንድሮ በዚህ ዕቃ ላይ ያለንን አስተያየት ለወላጆችም ለተማሪዎችም ለማካፈል ወደድን።

ከመነሻው ግልጽ እናድርገው፤ ማዳመጫውን ልናወግዝ አልተነሣንም። ጥቅሙን እናውቃለን። በባልባላም ሆነ በካርቲየዎቹ የሚኖሩ ብዙ ቤተሰቦቻችን ሳሎናቸውም፣ መኝታቸውም፣ የልጆቻቸው ማጥኛም አንድ ክፍል ነው። አባት ከወደብ የሌሊት ሥራ ገብቶ ቀን ይተኛል፤ ታላቅ እህት ለፈተና ታጠናለች፤ ታናሽ ወንድም ካርቱን ማየት ይፈልጋል። ቀድሞ ከሦስቱ አንዱ መቆጣቱ፣ አንዱም ማልቀሱ አይቀርም ነበር። ዛሬ ትንሹ ማዳመጫውን አድርጎ ካርቱኑን ያያል፣ ቤቱም ሰላም ውሎ ያድራል። ጆሯቸው የደከመ አያትም የቴሌቪዥኑን ድምፅ ጎረቤት እስኪሰማ ሳያስጮኹ ዜናቸውን አጥርተው ይሰማሉ። በሙቀቱ ወራት ሰገነት ላይና ግቢ ውስጥ ተጠጋግቶ በሚተኛበት ከተማ የጎረቤትን እንቅልፍ ማክበር ትልቅ ሥነ ምግባር ነው።

ወላጆች ደጋግመው የሚያነሡልን ሥጋት ሌላ ነው። «ብሉቱዙ የልጄን ጭንቅላት አይጎዳም ወይ?» ይሉናል። ብሉቱዝ አጭር ርቀት የሚሄድ የሬዲዮ ሞገድ ነው፤ ጉልበቱም ስልክ ጆሯችን ላይ ለጥፈን ስናወራ ከሚወጣው በእጅጉ ያነሰ ነው። ስለዚህ ጭንቀታችንን ወደሚገባው ቦታ ብናዞረው ይሻላል። የሚገባውም በሁለት ነገር ነው፤ አንደኛው የድምፁ ከፍታ፣ ሁለተኛው ማዳመጫው በቤታችን ውስጥ የሚፈጥረው ዝምታ።

የመጀመሪያውን በአጭሩ እንበል። በውስጠኛው የጆሯችን ክፍል ድምፅን ተቀብለው ወደ አንጎል የሚያስተላልፉ 15,000 ያህል ጥቃቅን ሕዋሳት አሉ። አንዴ ከሞቱ አይተኩም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚመክረው አዋቂ ሰው የ80 ዴሲቤል ድምፅ በሳምንት እስከ 40 ሰዓት መስማት ይችላል፤ ድምፁ 90 ዴሲቤል ሲደርስ ግን የሚፈቀደው በሳምንት 4 ሰዓት ብቻ ነው። ለልጆች የ40 ሰዓቱ ወሰን ወደ 75 ዴሲቤል ዝቅ ይላል። ብዙዎቹ ማዳመጫዎች ደግሞ እስከ መጨረሻው ሲከፈቱ ከ100 ዴሲቤል ያልፋሉ። እዚህ ጅቡቲ የራሳችን ሁለት ምክንያቶችም ይጨመራሉ። ኤርኮንዲሽነሩና ቬንቲላተሩ ሲያጓሩ ልጁ ያንን ለመሸፈን ሳይታወቀው ድምፁን ከፍ ያደርጋል። ጆሮ ውስጥ የሚወተፈው ዓይነት ማዳመጫም ላቡንና የባሕሩን እርጥበት አፍኖ ስለሚይዝ ጆሮን ለፈንገስና ለቁስለት ያጋልጣል። መጠንቀቁ ከባድ አይደለም፤ ድምፁ ከ60 በመቶ አይለፍ፣ በየመሀሉ ጆሮ ይረፍ፣ ማዳመጫው ይጠረግ፣ ወንድምና እህት አይዋዋሱ። ልጅ ሲጠሩት «እ?» ማለት ካበዛ ወይም «ጆሮዬ ይጮህብኛል» ካለ፣ ከመቆጣት በፊት ወደ ሐኪም መውሰድ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ግን ሐኪም የሚደርስበት አይደለም። ገመድ ያለው ማዳመጫ ልጁን ከቴሌቪዥኑ ወይም ከቴፑ ጋር ያስረው ነበር። ሊነሣ ሲል ያወልቀዋል፤ ካወለቀው ከእኛ ጋር ነው። ገመዱ ሲቀር ይህ ድንበር አብሮ ጠፋ። ልጁ ማዳመጫውን እንዳደረገ ይበላል፣ ውኃ ሊቀዳ ይሄዳል፣ ትልቅ ሰው ሲገባ ተነሥቶ «ኖር!» አይልም። በአካል ከእኛ ጋር ነው፤ ጆሮው ግን ሌላ ቤት ነው።

ይህ ሥጋት የእኛ ብቻ አይደለም፤ የዕቃው ሠሪዎችም ሠግተውበት ነበር። የጃፓኑ ሶኒ ኩባንያ በ1979 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን ዎክማን ለገበያ ሲያወጣ ሁለት የማዳመጫ መሰኪያ ሠርቶለት ነበር፤ ሁለት ሰው አብሮ እንዲሰማ። ሲጫኑት ሙዚቃውን ዝቅ አድርጎ ሁለቱን የሚያነጋግር ቁልፍም ነበረው። ይህ የሆነው ከኩባንያው መሥራቾች አንዱ የነበሩት አኪዮ ሞሪታ አንድ ሰው ተነጥሎ ሙዚቃ ቢሰማ እንደ ነውር ይቆጠራል ብለው ስለ ሠጉ ነው። ገዢው ግን ለየራሱ ገዛ፤ ቁልፉም ብዙ ሳይቆይ ቀረ። ዛሬ ልጆቻችን ጆሮ ላይ ያለው የዚያ ዕቃ የልጅ ልጅ ነው፤ የሚያነጋግር ቁልፍ የሌለው።

እኛ ወላጆችና መምህራን አማርኛችንን ያዳበርነው በክፍል ውስጥ ብቻ አልነበረም። ወጋየሁ ንጋቱ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርክ፣ አንዱ ሬዲዮ ለጎረቤት ሁሉ ይበቃ ነበር። አባባ ተስፋዬ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ተረት ሲያወሩ ቴሌቪዥን የሌለው ልጅ ካለው ቤት ደጃፍ ተኮልኩሎ ይሰማ ነበር። ያልገባን ቃል ሲመጣ አጠገባችን ወዳለው ትልቅ ሰው ዞር ብለን «ጭሰኛ ምን ማለት ነው?» እንላለን። መልሱ አንዳንዴ በአንድ ቃል ያልቃል፤ አንዳንዴም አያት ስለ ራሳቸው አባት መሬት ማውራት ይጀምራሉ፤ ትረካው ያልፈናል፣ እኛ ግን ሁለት ትረካ ሰምተን እንተኛለን። ዘፈኑም እንዲሁ ነበር። ካሴቱ የሚሰማው ለቤቱ ሁሉ ስለ ነበር፣ የጥላሁን ገሠሠን ዘፈን የእናት ትውልድም የልጅ ትውልድም አብሮ ያውቀዋል።

ነገሩ ትዝታ ብቻ አይደለም። ፓትሪሺያ ኩልና ባልደረቦቻቸው በ2003 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ባሳተሙት ጥናት፣ የዘጠኝ ወር ሕፃናት የቻይንኛን ድምፆች ከሚያጫውታቸው ሰው ሲሰሙ ለይተው አወቁ። ያንኑ ቋንቋ ከቴሌቪዥን ወይም ከድምፅ ቅጂ ብቻ የሰሙት ግን አልተማሩም። የእኛ ተማሪዎች ሕፃናት አይደሉም፤ ከፊልምም ከዘፈንም ብዙ ይቀስማሉ። ቢሆንም ጥናቱ መምህር ሁሉ ከሥራው የሚያውቀውን ያጠናክራል። ቴሌቪዥኑ የወሬ መነሻ ነው፤ አስተማሪው ግን አጠገብ የተቀመጠው ሰው ነው። ማዳመጫው የሚያስቀረውም ይህንኑ ሰው ነው።

ይህ ለአዲስ አበባ ልጅ ቀላል ነገር ሊሆን ይችላል። እሱ ማዳመጫውን ሲያወልቅ በታክሲው፣ በሱቁ፣ በመንገዱ አማርኛ ይጠብቀዋል። የጅቡቲ ልጃችንን ግን በመንገድ የሚጠብቀው ሶማሊኛና አፋርኛ፣ በመሥሪያ ቤት ፈረንሳይኛና ዓረብኛ ነው። እነዚህን ቋንቋዎች ማወቁ ሀብቱ ነው፤ የምንኖርበትን አገርና ሕዝብ ማክበሪያም ነው። አማርኛን የሚያገኘው ግን በዋናነት ከሁለት ቦታ ነው፤ ከክፍላችንና ከሳሎናችሁ። እኛ በሳምንት ያለን ጥቂት ክፍለ ጊዜ ነው። ፊደሉን፣ ሰዋስዉን፣ አንቀጽ አጻጻፉን እናስተምራለን። «አንተ» እና «እርስዎ» የሚባለው መቼ እንደሆነ፣ ቀልድ እንዴት እንደሚመለስ፣ ሐዘንተኛ በምን ቃል እንደሚጽናና ግን ከሰሌዳ አይገለበጥም። ይህ ትልልቆች ሲነጋገሩ በጎን እየሰሙ የሚወረስ ነው። ስለዚህም ጽሑፍ ሳይደናቀፍ የሚያነብ፣ ግን አክስቱ «እንደምን ሰነበትክ?» ስትለው መልስ የሚቸግረው ተማሪ እናያለን። ኦሮምኛ፣ ትግርኛ ወይም ሌላ ቋንቋ ለሚነገርባቸው ቤቶች ደግሞ ጉዳዩ ይብሳል፤ ለዚያ ቋንቋ ከሳሎኑ ሌላ ክፍል የለውም።

በዚህ ሁሉ ልጆችን ብቻ መውቀስ አግባብ አይሆንም። የእንግሊዝን ኳስ በማዳመጫ የሚከታተል አባት፣ በአማርኛ የተተረጎመ የቱርክ ድራማ ለብቻዋ የምትሰማ እናት ባሉበት ቤት ልጁ የሚያየውን ያደርጋል። «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ይባላል፤ እኛ ቤት በዝምታ የሚቀረው ግን ቋንቋው ራሱ ነው።

«ልጆቹ የሚሰሙት እኮ አማርኛ አይደለም፤ ድምፁ ቢከፈትስ ምን ይጠቅማል?» የሚል ወላጅ ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሆኖም ድምፁ ክፍት ሲሆን ቢያንስ ምን እንደሚሰሙ እናውቃለን፤ የምናውቀውን ደግሞ መጠየቅ እንችላለን። ልጅ የፈረንሳይኛ ፊልም አይቶ ታሪኩን ለአያቱ በአማርኛ ቢያወራ፣ ከአንድ የድርሰት ክፍለ ጊዜ የማያንስ ልምምድ አድርጓል።

እንግዲህ ለዚህ ዕረፍት የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ሌሊት ሰው ሲተኛ፣ ለፈተና ሲጠና፣ የታመመ ሲኖር ማዳመጫው ይሥራ፤ የተፈጠረው ለዚህ ነው። ገበታ ሲቀርብና እንግዳ ሲገባ ግን ይውለቅ። ቡና ሲፈላ ከአቦል እስከ በረካ የአባትም፣ የእናትም፣ የልጅም ማዳመጫ አንድ ሳህን ላይ ከረከቦቱ አጠገብ ይቀመጥ። በሳምንት አንድ ቀን ቤተሰቡ የመረጠው አንድ ዝግጅት ወይም አንድ የቆየ ዘፈን ለሁሉም በሚሰማ፣ ጎረቤትን በማያውክ ድምፅ ይከፈት፤ ሲያልቅም ወዲያው አይዘጋና ይወራበት።

ውድ ተማሪዎቻችን፣ ከእናንተ የምንጠይቀው አንድ ደብተር ነው። በዕረፍቱ ወራት ከቤታችሁ ወሬ፣ ከዘፈንና ከቴሌቪዥን የሰማችሁትን፣ ትርጉሙን ግን የማታውቁትን ቃል ጻፉ። ከመዝገበ ቃላት በፊት አጠገባችሁ ያለውን ሰው ጠይቁ፤ የነገራችሁንም ከቃሉ ሥር አስፍሩ። ዐሥር ቃል ይበቃል። መስከረም ላይ የመጀመሪያውን የአማርኛ ክፍለ ጊዜ የምንጀምረው ከእነዚህ ደብተሮች ነው።

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ይላሉ አባቶቻችን፤ ሰው ስለ ራሱ የሚወራውን አይሰማም ማለታቸው ነው። ይህን መለወጥ አንችልም። ጆሮ ለቤቱ ባዳ እንዳይሆን ማድረግ ግን በእጃችን ነው።

መልካም የዕረፍት ጊዜ።