ከመልእክቱ የከበደ አባሪ

በመሥሪያ ቤቶቻችን የደብዳቤ አጻጻፍ ውስጥ እምብዛም የማይወደስ አንድ መልካም ሥርዓት አለ። ጸሐፊው ጉዳዩን በደብዳቤው ውስጥ ይገልጻል፤ ተጨማሪ ሰነድ ካለ «4 ገጽ አባሪ አድርገን ልከናል» ይላል፤ በግርጌም «ግልባጭ» ብሎ ጉዳዩ የሚመለከታቸውን ብቻ ይዘረዝራል። ተቀባዩ አባሪውን ሳይገልጥ ነገሩን ያውቃል፤ ስንት ወረቀት እንደሚጠብቀውም ይረዳል። ይህ ሥርዓት ወደ ኢሜይል ስንሻገር መንገድ ላይ የወደቀብን ይመስላል። ዛሬ ለአንድ የትምህርት ክፍል ተማሪዎች በቡድን አድራሻ የሚላክ ኢሜይል ብዙ ጊዜ ውስጡ ባዶ ነው። «አባሪውን ይመልከቱ» ከምትል አንዲት መስመር በታች በስልክ የተነሣ የማስታወቂያ ፎቶግራፍ ይንጠለጠልበታል። ይህ ልማድ መታረም አለበት እንላለን፤ የመጀመሪያው ምክንያታችንም የሒሳብ ነው።

አንድ ገጽ የአማርኛ ጽሑፍ 2000 ያህል ፊደላት ይይዛል እንበል። ዛሬ በስፋት በሚሠራበት ዩቲኤፍ-8 በተባለው የኮድ አሠራር እያንዳንዱ የግእዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚወስድ፣ ገጹ በጠቅላላ 6 ኪሎባይት ገደማ ይሆናል። የዚያው ገጽ የስልክ ፎቶግራፍ 3 ሜጋባይት ቢመዝን አያስገርምም፤ 500 እጥፍ መሆኑ ነው። ነገሩ በዚህ አያበቃም። ኢሜይል መጀመሪያ የተሠራው ለተራ የላቲን ጽሑፍ ነበር። ምስልና ድምፅ በውስጡ እንዲያልፉ ያስቻለው ማይም የተባለው ደንብ እ.ኤ.አ. በ1992 ሲወጣ፣ አባሪው ወደ ተራ ፊደላት እየተመነዘረ እንዲጓዝ ተደረገ። በዚህ ምንዛሪ 3 ባይት የነበረው 4 ይሆናል። ስለዚህ 3 ሜጋባይቱ ፎቶግራፍ በመንገድ ላይ 4 ሜጋባይት ነው፤ 200 አባላት ላሉት ቡድን ሲደርስ ደግሞ 800 ሜጋባይት። ለመሆኑ በውስጡ የነበረው ምንድን ነው? የሐሙሱ ፈተና ወደ ዓርብ መዛወሩ!

ላኪው አንድ ጊዜ ይጫናል፤ የሚከፍሉት 200 ሰዎች ናቸው። የሚከፍሉትም እኩል አይደለም። በግቢው ገመድ አልባ መረብ ለሚጠቀም ሰው አባሪው ምንም አይደለም። ለእረፍት ውርጌሳ፣ ወላጆቹ ዘንድ የሰነበተውን ተማሪ ግን እናስበው። ውርጌሳ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ መርሳ ሳይደረስ የምትገኝ ከተማ ናት። ተማሪው የስልክ ጥቅል ገዝቶ የሚጠብቀው የጥሪ ማስታወቂያውን፣ ማለትም ወደ ግቢ የሚመለስበትን ቀን ነው። የሰሜን ወሎ ሕዝብ በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ በጦርነቱ ወቅት ስልክና ኢንተርኔት ተቋርጦበት ከርሟል፤ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮም በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። መረቡ ለአፍታ ብልጭ ብሎ ሲጠፋ 6 ኪሎባይቷ ታልፋለች፤ 4 ሜጋባይቱ ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል። ተማሪው ኢሜይሉ መድረሱን ያያል፤ ቀኑን ግን አያውቅም። ምዝገባም ሊያልፈው ይችላል።

ልማዱ ከየት መጣ? ያለ ምክንያት አልተጀመረም። በአዲስ አበባ፣ በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ውስጥ የነበረው ፓዲስ መልእክቶችን እያጠራቀመ በስልክ መስመር ያስተላልፍ በነበረበት ዘመንም ሆነ፣ የቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን እ.ኤ.አ. በጥር 1997 የኢንተርኔት አገልግሎት ከጀመረ በኋላ፣ በኢሜይል ውስጥ አማርኛ መጻፍ አይቻልም ነበር ማለት ይቀላል። ፓወር ግእዝም ሆነ ቪዥዋል ግእዝ ፊደላችንን በየራሱ የኮድ አደራደር ስለሚያስቀምጥ፣ ያው የፊደል ቅርጽ ያልተጫነለት ተቀባይ የሚያየው የተዘበራረቀ የላቲን ምልክት ብቻ ነበር። አንዳንዱ አማርኛውን በላቲን ፊደል ይጽፍ ነበር፤ በአንዱ የአጻጻፍ ሥርዓት ትንሿ «ቲ» ለ«ተ»፣ ትልቋ «ቲ» ለ«ጠ» ታገለግል ነበር። ሌላው ጽሑፉን ከነፊደል ቅርጹ አባሪ ያደርጋል፤ ወይም አትሞና ስካን አድርጎ ምስሉን ይልካል። ያኔ አባሪ ለአማርኛ ጸሐፊ የግድ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 የግእዝን ፊደል ለመላው ዓለም አንድ ወጥ ኮድ ሰጠው። ኮምፒውተሮችና ስልኮች ሁሉ እስኪቀበሉት ዓመታት ቢወስድም፣ ዛሬ በማንኛውም ዘመናዊ ስልክ «ሰላም» ብሎ መጻፍና መላክ ይቻላል። ምክንያቱ ሞቶ ልማዱ ግን ወራሽ አገኘ።

የሌላው ዓለም ተጠቃሚዎችም ቢሆኑ ይህን ጨዋነት በደንብ መልክ ለማስፈር ተገድደው ነበር። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1995 የወጣው የኢንተርኔት የአጠቃቀም ሥነ ምግባር መመሪያ ከ50 ኪሎባይት የሚበልጥ ፋይል ባይላክ ይመረጣል ይላል፤ ለቡድን ሲሆን ደግሞ ትልቁን ፋይል ትቶ የሚገኝበትን አድራሻ መጠቆም በቂ መሆኑን ያሳስባል። ቁጥሩ አርጅቷል፤ ሁለተኛው ምክር ግን አላረጀም። ስለ ቫይረስም አንድ ቃል እንጨምር። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1999 ዓለምን ያመሰው ሜሊሳ የተነሣው በአንድ የውይይት ቡድን ውስጥ ከተለቀቀ የወርድ ሰነድ ነው፤ ሰነዱን በከፈተው ሰው ስምም ለ50 አድራሻዎች ራሱን ይልክ ነበር። ምንነቱ ያልተነገረ አባሪ እንዲከፈት ማስለመድ ለዚህ ዓይነቱ ወጥመድ ማመቻቸት ነው።

«ማኅተም የሌለበትን ማን ያምነዋል?» የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ እናውቃለን፤ ቀላል ተቃውሞም አይደለም። የሐሰት ማስታወቂያ በሚዛመትበት ጊዜ ተማሪው ማኅተም ቢፈልግ አይፈረድበትም። ይሁንና የማኅተም ፎቶግራፍ ማኅተም አይደለም። ከአንድ ምስል ቆርጦ ወደ ሌላው መለጠፍ የደቂቃዎች ሥራ ነው። ይልቅስ መልእክቱ ከታወቀ የመሥሪያ ቤት አድራሻ ቢላክና ማኅተም ያረፈበት ቅጂ ለፈለገ ሰው የሚያገኝበት ቢጠቆምለት ይሻላል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበን ግን ዓይነ ስውሩ ተማሪ ነው። ስልኩ ወይም ኮምፒውተሩ የተጻፈውን ወደ ድምፅ ቀይሮ ያነብለታል፤ ፎቶግራፉ ላይ ሲደርስ ግን «ምስል» ብሎ ያልፋል። የክፍል ውይይቱ ከኢሜይል ወደ ቴሌግራም ቢዞርም ይህ አልተለወጠም። ቴሌግራም ፎቶግራፉን አሳንሶ ስለሚያስተላልፍ ለውርጌሳው ተማሪ ጥቂት ይቀለዋል፤ ለዓይነ ስውሩ ግን ያው ባዶ ነው። ጓደኛ ፈልጎ ማስነበብ ሊኖርበት ነው፤ የራሱን ውጤት የያዘ ሰነድ ቢሆን እንኳ።

አባሪ ይቅር አላልንም። ሥዕላዊ መግለጫ፣ የቤተ ሙከራ መመሪያ፣ የጥናት ጽሑፍ በአባሪ ቢላክ ተገቢ ነው፤ በመልእክቱ ውስጥ ግን «የፊዚክስ ቤተ ሙከራ መመሪያ፣ ፒዲኤፍ፣ 12 ገጽ፣ 800 ኪሎባይት» ቢባል ተቀባዩ አሁን ይክፈተው ወይስ ግቢ ሲደርስ፣ ራሱ ይወስናል። መልስ የሚሰጠውም ሰው «ደርሶኛል» ለማለት ያንኑ አባሪ መልሶ ለቡድኑ ባይልክ መልካም ነው። ስለ ፋይል ስምም ሳናነሣ ማለፍ አልቻልንም፤ በየኮምፒውተራችን ውስጥ «ስካን 0001» የሚባሉ ስንት ሰነዶች እንዳሉ ለመቁጠር ሞክረን ትተነዋል።