«ሊሞቱ ያሉት እጅ ይነሣሉ»



ካዛንቺስ የሚለው ስም በወረራው ዘመን ለኢጣልያ መንግሥት ሠራተኞች ከተሠሩት ከ«ካዜ ኢንቺስ» ቤቶች የቀረ ነው። በዚሁ ሰፈር የሚኖር አንድ ተማሪዬ ስለ ሌላ የሮማውያን ቃል ጠየቀኝ፤ «ቄሣር ሆይ፥ ሊሞቱ ያሉት ለአንተ እጅ ይነሣሉ» የሚለው የጀግኖች ሰላምታ ነውን? አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ52 ዓ.ም.፥ በሐዋርያት ሥራ ስሙ የተጠራው ቀላውዴዎስ ቄሣር በፉቺኖ ሐይቅ ላይ የመርከብ ጦርነት ለትርኢት አዘጋጀ። ቃሉን የተናገሩት ሞት የተፈረደባቸው እስረኞች ነበሩ። ቄሣሩም «ወይም አትሞቱ ይሆናል» ቢላቸው፥ ምሕረት መስሏቸው አንዋጋም አሉ። እርሱ ግን በዛቻም በማባበልም አዋጋቸው፤ ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ ለተረፉት ምሕረት ተደረገላቸው።

የጥንት ጸሐፊዎች ይህን ሰላምታ የመዘገቡት ለዚያ ቀን ብቻ ነው። የዘወትር ልማድ ያስመሰሉት ፈረንሳዊው ጄሮም በ1859 እንደ ሣለው ያሉ ሥዕሎች ናቸው።

እንግዲህ ቃሉ ፉከራ ሳይሆን የጭንቀት ልመና ይመስለኛል። እንደ ዋዛ የተጣለች አንዲት መልስ ለሟች ተስፋ ሆነችው፤ ያችንም ተነጠቀ። በቤታችን ሥልጣን ያለን ወላጆችም፥ እኛ የምንረሳትን ቃል ልጅ ይዟት እንደሚያድር አንዘንጋ።