ትልቁን በልተን፣ ትንሹን ለዘር

የበዓል ቅርጫ ላይ የማይቀር ጨዋታ አለ። በሬው ታርዶ፣ መደቡ ተደልድሎ፣ ዕጣ እስኪወጣ ድረስ አንዱ ይነሳና «ይሄ በሬ ነው ፍየል? የእኛ አገር ከብት እኮ ዘሩ ነው!» ይላል። ሌላው ስለ ፈረንጅ ላም ይቀጥላል። ባለፈው ፋሲካ እኔም መደቤን እየጠበቅሁ ይህንኑ ሰማሁና እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

ሰውዬው ግማሽ እውነት ይዟል። ዕድገት በእርግጥም ይወረሳል። ግን ያንን ዘር ማን እንዲህ አደረገው?

እስቲ የደጋ ገበሬ መንደር እንሂድ። ከጥጆቹ ሁሉ ፈጥኖ ያደገው ወይፈን ዕጣው ምንድን ነው? ወይ ተኮላሽቶ ሞፈር ይጎትታል፣ ወይ ደልቦ ለእኛ ቅርጫ ይመጣል። ነጋዴ ያልፈለገው፣ ለእርሻም ያልታጨው ኮሳሳ ደግሞ ሳይኮላሽ መስክ ይውላል። ብዙ ቦታ ላሞቹን የሚያጠቃው እንግዲህ እሱ ነው! ገበሬውን ሞኝ ለማለት አይደለም፤ በሬው ለዘንድሮ ማሳ፣ ብሩ ለዘንድሮ ማዳበሪያ ያስፈልገዋል። ምርጡን ኮርማ ለዘር አቆይ የሚለው ሰው የዚያን ወጪ ማን እንደሚሸፍን መናገር አለበት።

የዘር ተመራማሪዎች «ኸሪተቢሊቲ» የሚሉት ቁጥር አለ። በአንድ መንጋ ውስጥ ከሚታየው የክብደት ልዩነት ውስጥ ለልጅ የሚተላለፈው ድርሻ ማለት ነው። ለአንድ ዓመት ዕድሜ ክብደት 0.3 ነው እንበል። ከመንጋው አማካይ በ20 ኪሎ የሚበልጡ ኮርማዎችና ላሞች ብንመርጥ ጥጆቻቸው በአማካይ 6 ኪሎ ይበልጣሉ። ኮርማውን ብቻ ከመረጥን 3 ኪሎ። አነሰ? አዎ፣ ትንሽ ነው። ግን በየትውልዱ ይደመራል፤ ድርቅ ሲመጣ እንደ ሥጋው ከስቶ አይጠፋም። ችግሩ ሒሳቡ ወደ ኋላም ይሠራል፤ ትልቁን እያረድን ስንኖር ማለቴ ነው።

የቀረው 0.7 ደግሞ በአብዛኛው መኖ፣ በሽታ፣ የተወለደበት ወር፣ የእናት ወተት ነው። ስለዚህ በዓይን ብቻ መምረጥም ያሳስታል። ጡት ሲጥል የወፈረው ጥጃ ዘረ መልካም ላይሆን ይችላል፤ ምናልባት ባለቤቲቱ እናቱን በስሱ አልባለት ይሆናል። ሚዛንና መዝገብ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

«የአበሻ ከብት አይሻሻልም» ለሚሉ ቦረናን ላሳያቸው። ከዚሁ ከእኛው ደቡብ ወደ ኬንያ የዘለቀ ከብት ነው። እዚያ ያሉ የራንች ባለቤቶች መዘኑት፣ መዘገቡት፣ መረጡት፤ እ.ኤ.አ. በ1951 የአርቢዎች ማኅበር አቋቋሙለት። ዘሩ በፅንስ መልክ አውስትራሊያ ድረስ ተጓዘ። የቦረና አርብቶ አደርም ቢሆን ኮርማውን በእናቱ ታሪክና በቁመናው መርጦ የሚያስቀር ሰው ነው፤ ምርጫን ከፈረንጅ አልተማረም።

እኛ መሀል አገር ያለነውስ? አበርኖሳ ላይ የቦረና ላሞች ነበሩን። ሥራቸው ምን ነበር? በአብዛኛው ከፍሪዥያን ጋር ተዳቅለው ክልስ ጊደር መውለድ! የፎገራም ላሞች አንዳሳ ላይ እንዲሁ። ክልስ አልጠላም፤ ቢሾፍቱ ላይ መኖና ሐኪም አጠገቡ ላለው ወተት አምራች ጥሩ ነው። የመጀመሪያው ትውልድ ያምራል። ክልሱን ከክልስ ስታዳቅለው ግን ከመዳቀል የመጣው ብርታት በግማሽ ይወርዳል። መዥገሩ፣ ሙቀቱና የበጋው ረሃብ ደግሞ ባሉበት አሉ። ያን ጊዜ መመለሻ የሚሆን፣ የተመረጠ የአገር ዘር ሊኖረን ይገባ ነበር።

ደግሞ አይቻልም እንዳትሉኝ። መንዝ፣ ቦንጋና ሆሮ ላይ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ገበሬዎች ተሰባስበው የራሳቸውን በግ እየመዘኑ፣ ጥሩውን አውራ ሳይሸጡ እየተጋሩ አራብተዋል። የበጉ ለበሬው የማይሆንበት ምክንያት ካለ መንገሩ የባለሥልጣኖቹ ፋንታ ነው። ላም ቶሎ ትውልድ አትተካም፣ የአንድ ሰው ላሞችም ጥቂት ናቸው፤ ይሄ እውነት ነው። ታዲያ ዛሬ ካልተጀመረ መቼ ሊጀመር ነው?

ያን ቀን ቅርጫችን ላይ በሬውን ያመጣውን ነጋዴ «ስንት ዓመቱ ነበር? ስንትስ ይመዝን ነበር?» ብዬ ጠየቅሁት። ከላይ እስከ ታች አየኝና «ጥርሱ እዚያ አለልህ፣ ሄደህ ቁጠር» አለኝ።