በቡና መካከል የተለካ ግፊት

የግፊት መለኪያ ዛሬ በብዙ ቤት ቡፌ ላይ የሚገኝ ዕቃ ሆኗል። ወይ ውጭ ያለ ልጅ ልኮት ነው፣ ወይ ከፋርማሲ ተገዝቶ። አለካኩ ግን ከማሽኑ ጋር ታሽጎ አይመጣም።

የአክስቴ ልጅ ዘንድሮ ረዳት ነርስነት እየተማረች ነው። ሙቀት፣ የልብ ምት፣ አተነፋፈስ፣ የደም ግፊት... እርስ በርስ ሲለካኩ ነው የሚውሉት። አንድ እሑድ ቤታችን ስትመጣ ቶናው ተቀድቶ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ ነበር። እናቴ ጋቢዋን እንደደረበች፣ ወሬዋን ሳታቋርጥ ክንዷን ዘረጋች፤ ማሽኑ 156 በ92 አለ። “መድኃኒቱ አልያዘኝም ማለት ነው” ብላ ደነገጠች። አንዷ ጎረቤት ደግሞ “የእኔ ጠንከር ያለ ነው፣ እሱን ሞክሪው” ብላ ልታመጣ ተነሣች።

“እትዬ፣ ትንሽ ይታገሡን” አለች ተማሪዋ። ግማሽ ሰዓት አስጠበቀች። እናቴን ሽንት ቤት ደርሳ እንድትመለስ አድርጋ ጸጥ ያለ ክፍል አስገባቻት። ጀርባዋን አስደግፋ፣ ሁለቱንም እግሮቿን መሬት አስረግጣ፣ ክንዷን በልቧ ትክክል ጠረጴዛ ላይ አሳርፋ፣ አምስት ደቂቃ ያለ ወሬ አስቀመጠቻት። (እናቴን አምስት ደቂቃ ዝም ማሰኘት ራሱ ሙያ ነው!) በባዶ ክንዷ ላይ በአንድ ደቂቃ ልዩነት ሁለት ጊዜ ለካች፦ 134 በ82፣ ከዚያ 132 በ80።

ቡናው፣ ወሬው፣ የሞላ ፊኛ፣ የተነባበረ እግር እያንዳንዳቸው ቁጥሩን ከፍ ያደርጉታል። እኔ በማርኬቲንግ ሥራዬ መጠይቁ እንዴት እንደተሞላ ሳላውቅ ቁጥር አልቀበልም። ሐኪም ግን እኛ ደብተር ላይ የጻፍነውን አይቶ የመድኃኒት መጠን ሊጨምር ይችላል። ስለዚህ ከቁጥሩ ጎን ቀኑንና ሰዓቱን ጻፉ። በተለያዩ ቀናት ቤት ውስጥ የተለካው አማካይ 135 በ85 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ሐኪም ይየው። ከ180 በ120 በላይ ሆኖ የደረት ሕመም፣ የአንድ ጎን መዛል ወይም የአንደበት መተሳሰር ካለ ግን ደብተሩን ትታችሁ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

ከሁሉ የገረመኝ የትንፋሽ አቆጣጠሯ ነው። የልብ ምት ቆጥራ ስትጨርስ እጁን አትለቅም፤ አሁንም ምቱን የምትቆጥር መስላ ደረቱን ታያለች። ሰው ትንፋሹ እንደሚቆጠር ካወቀ አተነፋፈሱ ይለወጣላ! ያረፈ አዋቂ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል።

ለዚህ ማሽን አያስፈልግም፤ ሰዓት ይበቃል። በተለይ ትንሽ ልጅ ያላችሁ ልመዱት። የሚያስለው ልጃችሁ ሳያለቅስና ሳይጠባ፣ ልብሱን ገለጥ አድርጋችሁ አንድ ሙሉ ደቂቃ ቁጠሩ። ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት ላለ ሕፃን 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ላለ ልጅ 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ትንፋሽ ነው፤ የሳንባ ምች ሊሆን ስለሚችል እስኪነጋ አትጠብቁ።