ከቁጥር ጋራ ለመሥራት የሚሻ ተማሪ ምን ይማር?

በዛሬው ጊዜ ወደ ከፍተኛ ትምህርት ከሚገቡት ወጣቶቻችን ብዙዎቹ በተለምዶ «ዳታ» የሚባለው የመረጃ ሥራ የነገ እንጀራቸው እንዲሆን ይመኛሉ። ምኞቱ መልካም ነው። ይሁን እንጂ የትምህርት ክፍል ሲመርጡ ኮምፒዩተሩን ብቻ ሲመለከቱ ስለምናይ ጥቂት ቃል ልንናገር ወደድን።

ኮምፒዩተር የተሰጠውን ይደምራል፤ የተሰጠው እውነት መሆኑን ግን አይጠይቅም። ይህን መጠየቅ የሚያስተምረው ስታቲስቲክስ ነው። በሀገራችን የሕዝብና ቤት ቆጠራ በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም. ተካሂዷል። አራተኛው በ2010 እና በ2011 ዓ.ም. ስለ ተላለፈ የሕዝቡ ብዛት ለብዙ ዓመታት በትንበያ ሲነገር ቆይቷል። እንግዲህ ለአንድ ወረዳ ትምህርት ቤት ሲታቀድ፣ ቁጥሩ የተቆጠረ ነው ወይስ የተገመተ? ግምቱስ ምን ያህል ሊሳሳት ይችላል? ብሎ የሚመረምር ባለሙያ ከሌለ፣ የስሕተቱ ዕዳ የሚወድቀው መቀመጫ ባጣው ሕፃን ላይ ነው።

ስለዚህ ምርጫው በእጁ ያለ ተማሪ ስታቲስቲክስን ወይም ሒሳብን መሠረት አድርጎ ፕሮግራም መጻፍን ይጨምርበት። ኮምፒዩተር ሳይንስ የገባውም የናሙና አወሳሰድና የፕሮባቢሊቲ ትምህርት አይለፈው። እርሻ ወይም ጤና የደረሰውም አይዘን፤ የሚቆጠረውን ነገር ጠንቅቆ ማወቅ ራሱ የሙያው እኩሌታ ነውና፣ የቀረውን እየተማረ ይሙላው። በመሥሪያ ቤት ያለውም ወጣት ሠራተኛ በጠረጴዛው ላይ ካለው መዝገብ ይጀምር፤ ቁጥሩን ወደ በላይ ከማስተላለፉ በፊት ማን እንደ ቆጠረው፣ መቼና እንዴት እንደ ቆጠረው ይጠይቅ።